እንጦጦ ወይስ መናገሻ ሱባ? ክረምት ላይ ወፍና አበባ ለማየት

ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል ወጣ ብሎ ወፉንም ቅጠሉንም ማየት እንዴት ደስ እንደሚለኝ፣ እና ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ እንጦጦ ይሻላል ወይስ ሱባ ነው።

እንጦጦ ቅርብ ነው፣ ጠዋት በታክሲ ወጥታችሁ ለምሳ ቤታችሁ ናችሁ። ግን አብዛኛው በአፄ ምኒልክ ጊዜ ከውጭ የገባው ባህር ዛፍ ነው፣ ከስሩ ብዙ ነገር ስለማይበቅል ነፍሳቱም ያንሳሉ። የሚያምረው ገላጣው ቦታ ነው፣ መስከረም ሲጠባ አደይ አበባው ላይ ንቦቹ ሲርመሰመሱ። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራም እዛ አይጠፋም።

ሱባ ግን ሌላ ነገር ነው በቃ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወጨጫ ተራራ ላይ ነው፣ መኪና ካልያዛችሁ ያስቸግራል፣ መንገዱም ጭቃ ነው፣ ግን ጽዱም ዝግባውም ኮሶውም የአገር ዛፍ ነው፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ እንዳስተከሉት ይነገራል። ባለፈው ነሐሴ ዛፍ ስር ቆሜ አንድ አረንጓዴ ወፍ ቅርንጫፉ ላይ ሲሮጥ አየሁ፣ መጀመሪያ ቅጠል የተንቀሳቀሰ ነበር የመሰለኝ፣ ጉንጩ ነጭ ነው፣ ከዛ ብድግ ብሎ ሲበር ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ ሆነ! ቱራኮ ነው፣ ቀዩ ቀለሙ ውስጥ መዳብ አለ። ዝቅ ስል ደግሞ ግንዱ ላይ ጤዛ ፀጉሩ ላይ ያንጠለጠለ አባ ጨጓሬ (እንዳትነኩት፣ ያሳክካል)።

ግማሽ ቀን ብቻ ካላችሁ እንጦጦ ሂዱ፣ ሙሉ ቀን ካላችሁ ግን ያለ ጥርጥር ሱባ፣ ቦት ጫማ ብቻ እንዳትረሱ።