ነጠላው ነጭ ሆኖ እስኪታይ፦ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር በባሕር ዳር ከወራት አገልግሎት በኋላ

ይህን ባለ 24 ኢንች ሞኒተር የገዛሁት ባለፈው ኅዳር ነው፤ በጋውንም ክረምቱንም አሳልፎ ዓመት ሊደፍን ጥቂት ቀርቶታል። የምሠራው ባሕር ዳር፣ ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ሥራዬ የሠርግና የክርስትና አልበም ማዘጋጀት፣ እንዲሁም ወደ ሐይቁ ገዳማት ለሚሄዱ ጎብኚዎች የሚሸጡ ፖስት ካርዶችንና በራሪ ወረቀቶችን ለኅትመት ማሰናዳት ነው። በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ከሞኒተር የሚጠብቀው ትልቁ ነገር በዓይኑ የሚያየው ቀለም በወረቀት ላይ እንዲወጣለት ነው፤ ይህ ካልሆነ ስፋቱም ሆነ ውበቱ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው በአብዛኛው ስለ ቀለም፣ በተለይም በክረምቱ መካከል ስለተፈጠረው የቀለም መዛባትና መንስኤው ስለተገኘበት መንገድ ነው።

ፓነሉ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጥራቱ 1920 በ1080 ፒክስል ሲሆን በስተጀርባው አንድ የቪጂኤና አንድ የኤችዲኤምአይ መሰኪያ አለው። በካርቶኑ ውስጥ አብሮት የመጣው ግን የቪጂኤ ኬብል ብቻ ነበር። የአይፒኤስን ጥቅም በየቀኑ አየዋለሁ። ሙሽሮችና ቤተሰቦቻቸው አልበማቸውን ለመምረጥ ሲመጡ ከጎኔም ከኋላዬም ቆመው ስለሚያዩ፣ ከጎን ሲታይ ቀለሙ የሚለዋወጥ ቲኤን ፓነል ቢሆን ኖሮ እኔ የማየው ፊትና እነሱ የሚያዩት ፊት ሁለት ዓይነት በሆነ ነበር። መቆሚያው ከፍና ዝቅ አይልም፤ ድምፅ ማጉያውም ደካማ ነው፤ ሁለቱም ለእኔ ሥራ የሚያሳስቡ ሆነው አላገኘኋቸውም።

ከካርቶኑ ሲወጣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ያደላ፣ ብርሃኑም ለረጅም ሰዓት ሥራ ከሚገባው በላይ የበዛ ነበር። በሜኑው ውስጥ የቀለም ሙቀቱን ወደ 6500 ኬልቪን አወረድኩት፤ ይህም ሂውሌት ፓካርድና ማይክሮሶፍት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ያቀረቡት፣ ዛሬ አብዛኛው ፎቶ የሚዘጋጅበት ኤስአርጂቢ የተባለው የቀለም ሥርዓት ነጭ ብሎ የሚቀበለው ልክ ነው። ዳይናሚክ ኮንትራስት የሚባለውን ደግሞ ጨርሶ አጠፋሁት። ምስሉ በጠቆረና በነጣ ቁጥር የኋላ መብራቱን ዝቅና ከፍ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ለፊልም ተመልካች ቢመችም የቆዳ ቀለም ለሚያርም ሰው መለኪያ ያሳጣል። በመጨረሻም ባዶ የኅትመት ወረቀት ከሞኒተሩ ጎን ይዤ፣ በስክሪኑ ላይ የተከፈተው ነጭ ገጽና ወረቀቱ እስኪቀራረቡ ድረስ ብርሃኑን ቀነስኩት። ከዚህ በኋላ እስከ ሰኔ ድረስ ከማተሚያ ቤት የመጣው ሥራ ሁሉ በስክሪኑ ላይ ካየሁት ጋር የሚስማማ ነበር፤ በዚህ ዋጋ ለሚሸጥ ሞኒተር ይህ ትልቅ ምስጋና የሚገባው ነው።

የባለሙያ የቀለም መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰው፣ በእኛ አገር ከነጠላና ከሐበሻ ቀሚስ የተሻለ ፈታኝ ያለ አይመስለኝም። በሐይቁ ውኃ ወይም በዛፍ ቅጠል ላይ ትንሽ የቀለም መዛባት ቢኖር ዓይን አያስተውለውም፤ በስቱዲዮ መብራት የተነሣ ነጠላ ግን ፈትሉ ነጭ፣ የእጥፋቶቹ ጥላ ደግሞ ግራጫ ነው። በኮምፒውተር ግራጫ የሚባለው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እኩል ቁጥር ሲይዙ፣ ለምሳሌ ሦስቱም 128 ሲሆኑ የሚገኘው ስለሆነ፣ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢያንስ ወይም ቢበዛ ነጠላው ወዲያውኑ ያጋልጠዋል።

ያጋለጠውም እሱ ነው። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሳያቋርጥ በሚዘንብበት ወቅት፣ የነጠላው እጥፋት ወደ ሲያን፣ ማለትም ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ድብልቅ ማድላት ጀመረ። አንዳንድ ቀን ራሱን ያስተካክላል፤ በማግሥቱ ጠዋት ተመልሶ ይመጣል። ይበልጥ ጎልቶ የታየው ግን ለፖስት ካርድ በማዘጋጃቸው የዘጌው ኡራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕሎች ፎቶዎች ላይ ነበር። የእመቤታችን መጎናጸፊያ ሰማያዊነቱ እንዳለ ሳለ፣ ከሥሩ ያለው ቀይ ቀሚስ ወደ ጥቁር ቡናማ ወረደ፤ በአክሊሉ ዙሪያ ያለው ቢጫም አረንጓዴ አረንጓዴ ማለት ጀመረ። ለሚያስተውል ሰው መልሱ እዚያው ሥዕሉ ላይ ነበር፦ ሰማያዊው አልተነካም፤ ቀይ ያለበት ሁሉ ግን ተጎድቷል። ቢጫ በስክሪን ላይ የሚፈጠረው ከቀይና ከአረንጓዴ ስለሆነ፣ ቀዩ ሲደክም የሚተርፈው አረንጓዴው ነው። ነጭም በተመሳሳይ ምክንያት ቀዩን ሲያጣ ሲያን ይሆናል። አረንጓዴው ቢጎድል ኖሮ ነጩ ማጀንታ (የቀይና የሰማያዊ ድብልቅ)፣ ሰማያዊው ቢጎድል ደግሞ ቢጫ በሆነ ነበር። ይህን ያወቀ ሰው ገና ምንም ሳይፈታ የጎደለውን ቀለም መናገር ይችላል።

ሞኒተሩን ያየልኝ አንድ ጠጋኝ «እህቴ፣ ፓነሉ አልቋል፤ በዚህ ላይ ብር ከማፍሰስ ሌላ መግዛት ይሻላል» አለኝ። ይህን ፍርድ ያልተቀበልኩት ፓነል ሲበላሽ የሚያሳየው ምልክት በአብዛኛው ሌላ በመሆኑ ነው። ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ ቀጭን መስመሮች ሲወጡ፣ የስክሪኑ ግማሽ ብቻ ቀለሙን ሲለውጥ ወይም ክፈፉ ሲነካ ምስሉ ሲረበሽ፣ ጥርጣሬው ወደ ፓነሉና ወደ ውስጥ ሪባን ኬብሉ ይሄዳል። ሙሉው ገጽ ከጥግ እስከ ጥግ እኩል አንድ ቀለም ሲያጣ ግን አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ቀለሙ ከኮምፒውተሩ ተነሥቶ ወደ ሞኒተሩ የሚጓዝበት መንገድ ነው።

ይህን ለመለየት ደግሞ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። የሞኒተሩን የራሱን ሜኑ መክፈት ይበቃል፤ ሜኑው የሚሠራው ሞኒተሩ ውስጥ ስለሆነ በኬብሉ አያልፍም። በእኔ ሞኒተር ላይ ከኋላው ያለው ፎቶ ሲያን ለብሶ ሳለ፣ የሜኑው ነጭ ጽሑፍ ጥርት ያለ ነጭ ነበር፤ በላዩ ያለችው ትንሽ ቀይ ምልክትም ደምቃ ትታይ ነበር። ያ ብቻውን ፓነሉ ቀይን ማሳየት እንደሚችል ማስረጃ ነው። ሜኑውም አብሮ ቢዛባ ኖሮ ጠጋኙ ልክ ይሆን ነበር። ቀጥሎ በኮምፒውተሩ ስክሪንሾት አንሥቼ ወደ ስልኬ ላክሁት፤ በስልኩ ላይ ነጠላው ነጭ፣ ቀሚሱም ቀይ ሆኖ ታየ። ስክሪንሾት ኮምፒውተሩ ያዘጋጀውን ምስል እንጂ ሞኒተሩ ላይ የደረሰውን አይመዘግብም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙም ፎቶውም ነፃ ወጡ። በመካከል የቀረው መውጫው፣ ኬብሉና መሰኪያው ብቻ ነው።

ቪጂኤ አይቢኤም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ያወጣው አሮጌ አሠራር ነው። አሥራ አምስት ፒን አለው፤ ቀይ በ1ኛው፣ አረንጓዴ በ2ኛው፣ ሰማያዊ በ3ኛው ፒን ለየብቻቸው ይጓዛሉ። የሚጓዙትም በቁጥር ሳይሆን ከ0 እስከ 0.7 ቮልት በሚደርስ የኤሌክትሪክ ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲጨምር ቀለሙ ይደምቃል፣ ሲቀንስ ይደክማል። ከዚህ የተነሣ በአንዱ ፒን ላይ የተቀመጠ ስስ ዝገት ወይም የላላ ንክኪ ምስሉን አያጠፋውም፤ ያንን አንድ ቀለም ብቻ ያደክመዋል። ኬብሉን ነቅዬ በባትሪ ብርሃን ስመለከት የመጀመሪያው ረድፍ ዳር ያለው ፒን ከሌሎቹ ይልቅ ደብዝዞ፣ በሥሩም አረንጓዴ ነጥብ ይዞ አገኘሁት። ክረምቱን ሙሉ ከሐይቁ የሚነሣው እርጥበት ግድግዳን ሳይቀር በሚያሻግትበት ቦታ፣ በርካሽ የተለበጠ ፒን ቢዝግ የሚያስገርም አይደለም። ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ ከሶኬት ተነቅለው ፒኖቹ ኮንታክት ክሊነር በሚባለው የኤሌክትሪክ መሰኪያ ማጽጃ ሲታጠቡ፣ በደንብ ደርቀው ተመልሰው ሲሰኩና የጎን ብሎኖቹ ሲጠብቁ ቀዩ ወዲያው ተመለሰ። ሆኖም ልባጡ የተላጠ ፒን ደግሞ መዛጉ ስለማይቀር፣ ያንን ኬብል ለቀለም ሥራ ማመን ተውሁ።

በቪጂኤ ለሚጠቀሙ ሁሉ አንድ ነገር ልጨምር። በሜኑው ውስጥ ያለው «አውቶ ከለር» የሚባለው ትእዛዝ የቀለሙን መነሻና ጣሪያ የሚለካው በወቅቱ በስክሪኑ ላይ ካለው ምስል ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ከመሰጠቱ በፊት ንጹሕ ነጭና ንጹሕ ጥቁር ያለበት ገጽ መከፈት አለበት፤ በጨለማ ፎቶ ላይ ከተሰጠ ቀለሙን የባሰ ያዛባዋል።

የኮምፒውተሩን የኤችዲኤምአይ መውጫ እስከዚያ ድረስ ለደንበኞች ማሳያ ቴሌቪዥን እጠቀምበት ስለነበር፣ ቦታቸውን አለዋወጥኩና ሞኒተሩን በአዲስ ኤችዲኤምአይ ኬብል አገናኘሁት። በዚህ መንገድ ቀለም የሚተላለፈው በቁጥር ስለሆነ፣ የኬብል ችግር ሲኖር የሚታየው ብልጭ ድርግም የሚሉ ነጥቦች ወይም የምስሉ ጨርሶ መጥፋት እንጂ ስስ የቀለም ማድላት አይደለም። የሲያኑ ነገር በዚህ አበቃ። ነገር ግን ሌላ ጉድለት መጣ፦ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ሆነ፤ የሙሽራው ጥቁር ሱፍ የታጠበ ያህል ደበዘዘ።

ይህ ብልሽት ሳይሆን አለመግባባት ነው። በቴሌቪዥን ዓለም ጥቁር በ16፣ ነጭ በ235 ይጻፋል፤ በኮምፒውተር ግን ጥቁር 0፣ ነጭ 255 ነው። ኮምፒውተሩ በኤችዲኤምአይ የተሰካውን ሞኒተር እንደ ቴሌቪዥን ቆጥሮ ከ16 እስከ 235 ሲልክለት፣ ሞኒተሩ ደግሞ ከ0 እስከ 255 ሲጠብቅ፣ ጥቁር ተብሎ የተላከው 16 እንደ ጥቁር ግራጫ ይታያል። መፍትሔው በግራፊክስ ካርዱ ቅንብር ውስጥ የሬንጁን ምርጫ ከ«ሊሚትድ» ወደ «ፉል» መለወጥ ነው፤ በሞኒተሩ ሜኑ ውስጥም ተመሳሳይ ምርጫ ካለ ሁለቱ መስማማት አለባቸው። ተቃራኒው ሲሆን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሙሉውን ልኮ ሞኒተሩ የቴሌቪዥኑን ሲጠብቅ፣ ጥላው ሁሉ ይዋጣል፤ የሱፉ ኮሌታና ደረቱ አንድ ጥቁር ሆነው የስፌቱ መስመር ይጠፋል። ከተስተካከለ በኋላ የኮሌታውን እጥፋትና የኪሱን ስፌት ለይቼ ማየት ቻልሁ፤ ሞኒተሩን ከገዛሁ ጀምሮ ከሁሉ የተሻለ ምስል ያየሁትም ያን ጊዜ ነው። በኤችዲኤምአይ ላይ ሙሉው ገጽ ወደ ሐምራዊና አረንጓዴ ሲገለበጥ ደግሞ አርጂቢና ዋይሲቢሲአር በሚባሉት ሁለት የቀለም አላላክ መንገዶች መካከል ያለው ምርጫ አልተስማማም ማለት ነው፤ እሱም እዚያው ቅንብር ውስጥ ይገኛል።

ከገመዱ ውጭ ያሉት ተጠርጣሪዎች ቀላል ናቸው። ምሽት ላይ ብቻ ገጹ ቢጫ የሚሆን ከሆነ የዊንዶውስ «ናይት ላይት» ሳይበራ አይቀርም። ከሌላ ሞኒተር የተረፈ የቀለም ፕሮፋይልም (የአንድን ሞኒተር የቀለም ጠባይ ለፕሮግራሞች የሚነግር ፋይል) አንዳንድ ፕሮግራሞችን ብቻ ስለሚነካ፣ ፎቶው በአንዱ ፕሮግራም ትክክል ሆኖ በሌላው ከተዛባ ወደ ከለር ማኔጅመንት ገብቶ ማየት ይገባል።

የክፍሉ ብርሃን ግን ጠበቅ ያለ ቃል ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው በሞኒተሩ የሚያሳብበው ጥፋት የግድግዳው ነው ብዬ አምናለሁ። የእኔ ክፍል አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነበር። ዓይን በዙሪያው ያለውን አረንጓዴ እየለመደ ሲሄድ በስክሪኑ ላይ ያለው ግራጫ ወደ ሐምራዊ ያደላ ይመስለዋል፤ ሠራተኛውም የሌለውን ሐምራዊ ለማጥፋት ይደክማል። ከሞኒተሩ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ፈዛዛ ግራጫ አስቀባሁት፤ መስኮቱንም ከጎን እንዲሆን አደረግሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሐይቁ ላይ ስታርፍ የሚመለሰው ነጸብራቅ በቀጥታ ስክሪን ላይ ሲወድቅ የትኛውም ሞኒተር ጥቁሩን ጠብቆ ሊያሳይ አይችልም።

ስለ መብራት መቆራረጥ የሚጠይቁኝ አሉ። ሞኒተሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የቮልቴጅ መዋዠቅ ቀለሙን ሲነካው አላየሁም፤ ጉዳቱ የሚመጣው መብራት ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ ስለሆነ፣ ሲጠፋ ከዲቫይደሩ መንቀልና ከተመለሰ በኋላ ትንሽ መታገሥ ይበጃል። የምሽት በራሪ ነፍሳት ደግሞ ለሐይቅ ዳር ሰው እውነተኛ ችግር ናቸው። በብርሃኑ ተስበው በክፈፉ ስንጥቅ ይገባሉ፤ አንዷ ከፓነሉ ጀርባ ገብታ ታች በኩል ሞታ ቀርታለች፤ እንደ ሞተ ፒክስል ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች። እንዲህ ያለችውን ነፍሳት በሕይወት ሳለች በጣት መጫን አይገባም፤ እዚያው ተጨፍልቃ ትቀራለች። ክፍሉን አብርቶ ሞኒተሩን ማጥፋት ብዙ ጊዜ ራሷ እንድትወጣ ያደርጋል።

ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ልናገር። ቀለሙ በኤችዲኤምአይ ከተገናኘ ወዲህ አልተዛባም። የታችኛው ግራ ጥግ ግን ከመሐሉ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ቢጫ ይላል፤ ሙሉ ግራጫ ገጽ ሲከፈት ይታያል፣ በፎቶ ላይ ግን አይለይም። ይህ የኋላ መብራቱ አለመመጣጠን ስለሆነ በሜኑ አይስተካከልም። እኔ የፕሮግራሙን መሣሪያዎች ወደዚያ ጥግ አድርጌ ፎቶውን ከመሐል እሠራበታለሁ። ጠዋት ሲከፈትም የኋላ መብራቱ እስኪረጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳልጠብቅ ቀለም አላርምም።

ለአልበም፣ ለፖስት ካርድና ለባነር ሥራ ይህን ሞኒተር ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ የሥዕል ቅጂ ወይም የጥለት ቀለም በትክክል እንዲወጣ ለሚፈለግበት ሥራ ግን የኋላ መብራቱ ከጥግ እስከ ጥግ ይበልጥ እኩል የሆነ ያስፈልጋል። ለመግዛት የሚያስብ ሰው የኤችዲኤምአይ ኬብሉን ዋጋ ከሞኒተሩ ዋጋ ጋር ደምሮ ያስላ። ሱቅ ውስጥም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሻጩ ሙሉ ግራጫ ገጽ በሁለቱም መሰኪያዎች እንዲያሳየው ይጠይቅ፤ አራቱንም ጥጎች በቅርብ ይመልከት፤ ሜኑውንም ከፍቶ የጽሑፉን ነጭ ከገጹ ነጭ ጋር ያስተያይ።