የይርጋጨፌ ጥሬ ቡና ገዝታችሁ እባካችሁ አታሳርሩት

ሁለት ኪሎ ነው የገዛሁት፣ አንዱ የታጠበ አንዱ ያልታጠበ፣ ሁለቱም ይርጋጨፌ። ሻጩ የጌዴኦ ልጅ ነው፣ ከሠፈሬ ሱቅ በኪሎ 200 ብር ያህል ይወደዳል፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጠጣው ከረምኩ እና ያዋጣል ነው የምላችሁ በተለይ የታጠበው።

መጀመሪያ ጥሬውን መዳፋችሁ ላይ ዘርግታችሁ እዩት። የታጠበው አረንጓዴነቱ ገና አልለቀቀውም፣ ፍሬው ትንንሽ ነው ግን እኩል ነው፣ የተሰበረና ነቀዝ የቦረቦረውን ለቅሜ ከአንድ ኪሎ ውስጥ አንድ ጭብጥ እንኳን አልሞላልኝም። ይሄን የምለው አምና ሌላ ቦታ ይርጋጨፌ ብለው የሸጡልኝ ግማሹ ትልቅ ግማሹ ትንሽ፣ ነጣ ነጣ ያለ የከረመ ቡና ስለነበር ነው፣ ሲቆላ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ገና ቢጫ ነበር፣ በጣም ነው ያናደደኝ፣ የገበሬው ልፋት በስሙ እየተነገደበት ነው።

የመጀመሪያ ቀን የቆላችው እማዬ ናት፣ እንደለመደችው ወዙ ፊቱ ላይ እስኪወጣና ጥቁር እስኪል። ጥሩ ቡና ነበር፣ ግን ከሌላው ጊዜ የሚለይበት ነገር የለም። በማግስቱ ዛሬ እኔ ልቁላው ብዬ ለመንኳት፣ ምጣዱን አግዬ እሳቱን መጠን አድርጌ ሳላቋርጥ አማሰልኩት፣ ጣ ጣ እያለ ተንጣጥቶ ጋብ ሲል ከቀረፋ ትንሽ ጠቆር እንዳለ አውርጄ ቶሎ ሰፌድ ላይ በተንኩት (ምጣዱ ላይ ከተዋችሁት እሳት ባይኖርም መቆላቱን ይቀጥላል)። እማዬ አይታ "ይሄማ ጥሬ ነው ልጄ፣ ሆድ ነው የሚነፋው" አለች። ወቅጬ አፈላሁት፣ አቦሉን ስቀዳ የወጣው ሽታ ቡና ሲያብብ ያለውን ሽታ ለምታውቁት እሱ ነው፣ ነጩ አበባ ጠዋት ላይ የሚሸተው። ስትጠጡት ደግሞ ሎሚ ሲላጥ ልጣጩ የሚረጨው ነገር አለ አይደል፣ እሱ ምላስ ጎን ላይ ይመጣና መጨረሻ ላይ ማር ማር ይላል። ቀለል ያለ ነው፣ ስኒው ውስጥ ራሱ እንደ ሻይ ቀላ ይላል። እማዬ ሁለተኛ ስኒዋን ስታነሳ "ሻይ ቅጠል ጨመርክበት እንዴ?" አለችኝ፣ አልጨመርኩም።

ኮምጣጣነቱን ሰው እንደ ጉድለት ያየዋል፣ ዋናው ነገር ግን እሱ ነው። አንድ ኅዳር ላይ ዲላን አልፌ ይርጋጨፌ ድረስ ሄጄ ነበር፣ ከመንገድ ስታዩት ጫካ ይመስላችኋል ገባ ስትሉ ግን የሰው ጓሮ ነው፣ ከላይ ዋንዛና ሌላ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ በመሀል ቡና፣ እዚያው ቤት። ቦታው ከ1,700 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ አለው፣ ብርድ አለ፣ ጥላ አለ፣ ስለዚህ ፍሬው ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው፣ ያ አበባ አበባ የሚለውና የሎሚው ነገር ከዚያ ነው የሚመጣው። የረገፈው ቅጠል ማዳበሪያው ነው፣ እንሰቱ እርጥበት ይይዝለታል። ኩሩሜ፣ ወሊሾ፣ ደጋ የሚሏቸው የራሳቸው ዝርያዎች አሏቸው፣ ኩሩሜ ፍሬው ትንሽ የሆነው ነው። ይሄ የጌዴኦ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ሲያንሰው ነው።

የታጠበው ሲዘጋጅ ቀዩ እሸት ብቻ እየተመረጠ ይለቀማል፣ ሳይት (የቡና ማጠቢያ ጣቢያ) ላይ ይፈለፈላል፣ 36 ወይ 48 ሰዓት ገንዳ ውስጥ ተብላልቶ ይታጠብና እንዲደርቅ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሴቶቹ አልጋው ዙሪያ ቆመው እጃቸው አያርፍም፣ የተበላሸውን እያንዳንዱን ይለቅማሉ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ሮጠው ይሸፍኑታል፣ ካልሸፈኑት ቅሽሩ ይሰነጠቃል። እኔ ያን ካየሁ በኋላ ነው ቡና ማሳረር የከበደኝ፣ ያን ሁሉ ልፋት ምጣድ ላይ አምስት ደቂቃ በማስረዘም አመድ አመድ እንዲል ማድረግ በእውነት ያሳዝናል።

ያልታጠበው ሳይፈለፈል ከነጀንፈሉ (ከነልጣጩ) ስለሚደርቅ ሌላ ዓለም ነው፣ እንጆሪ እንጆሪ ይላል፣ ወፈር ይላል፣ ትንሽ የጠጅ ነገርም አለው። እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ፣ አንዳንዱ ፍሬ ከልክ በላይ ተብላልቶ ጠቁሯል፣ ሁለት ሦስቱ ካመለጣችሁ ጀበናውን በሙሉ ያበላሻል እና ብርሃን ባለበት ቁጭ ብላችሁ ልቀሙት። ሌላው ማሸጊያው ነው፣ ተራ ፌስታል፣ መቼ እንደተለቀመ የሚል ምንም የለውም፣ ለልጁም ነግሬዋለሁ።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስት ጊዜ ለሚያፈላ ቤት ያልታጠበው ይሻላል፣ የታጠበው በረካ ላይ ሲደርስ ቀጥኖ ውኃ ይሆናል፣ እኛ አሁን ሁለተኛው ላይ እናቆማለን። ስኳር መጀመሪያ ሳትጨምሩ ቅመሱት፣ ጤና አዳምም ለዛን ቀን ይቅር። አዲሱ ምርት የካቲት ላይ ይገባል ብሎኛል፣ የታጠበውን ሦስት ኪሎ አስይዣለሁ፣ አንዱ የእማዬ ነው፣ ራሷ ናት ያስያዘችኝ።