የታዳጊዎች ትግል፦ የግል ስፖርት ወይስ የቡድን?

አንድ ታዳጊ ምንጣፉ ላይ ሲወጣ ኳስ የሚያቀብለው ጓደኛም ሆነ ስሕተቱን የሚሸፍንለት ተከላካይ ስለሌለ፣ ትግልን የግል ስፖርት የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው ጠንካራ ነው። በኦሊምፒክም የትግል ሜዳሊያ የሚሰጠው ለግለሰብ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁለት ቡድኖች ሲገናኙ፣ በየክብደት ምድቡ የተገኘው ነጥብ ተደምሮ አሸናፊው ቡድን ይለያል። የተጋጣሚውን ሁለቱንም የትከሻ አጥንቶች ምንጣፍ ያስነካ ለቡድኑ 6 ነጥብ ሲያስገኝ፣ ከ8 ባነሰ የነጥብ ልዩነት ያሸነፈ 3 ብቻ ያስገኛል፤ በመሆኑም መሸነፉ የማይቀርለት ልጅ እንኳ በጀርባው ሳይረታ ልዩነቱን አጥብቦ ከጨረሰ ለቡድኑ 3 ነጥብ አዳነ ማለት ነው። በግል ውድድር ግን ይኸው ጽናት ከሽንፈት አያድነውም። ለአንድ ምድብ ተሰላፊ ከጠፋ ደግሞ 6ቱ ነጥብ ያለ ግጥሚያ ለተቃራኒው ቡድን ይሄዳል።

እኔን ወደ ቡድኑ ወገን እንዳደላ የሚያደርገኝ ግን ከነጥቡ ይልቅ ልምምዱ ነው። ሩጫን ብቻውን የሚለማመድ ሰው አለ፤ ትግልን ግን በክብደት የሚመጣጠን አጋር ሳይኖር በአግባቡ መማር አይቻልም፤ ያ አጋር ብዙ ጊዜ ለዚያው ምድብ ተሰላፊነት የሚፎካከረው የቡድን ባልደረባው ራሱ ነው።