የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ተከትሎ እስከ አርባ ምንጭ፦ የመኪናው፣ የስካውቱና የጀልባው ግምገማ

ከውጭ ለዕረፍት የምንመጣ ሰዎች የውሃ ዳር መንገድና የዱር እንስሳ ሲያምረን ዓይናችን ቶሎ ወደ ኬንያና ታንዛንያ ይሄዳል። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ ግን ደምበልን (የዝዋይ ሐይቅን)፣ ላንጋኖን፣ አቢጃታን፣ ሻላንና ሐዋሳን እያስከተለ ይወርዳል፤ ከሶዶ ወዲያ ደግሞ አባያና ጫሞ አሉ። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ይደረሳል፤ እንዲያ የሄደ ሰው ግን ከአስፋልቱ ሌላ የሚያየው የለም። እስከ ሐዋሳ ለመሄድ 3 ሌሊት፣ አርባ ምንጭ ከታከለበት ቢያንስ 5 ሌሊት መድቡ። በጀት ስታወጡ ከሆቴሉ በፊት ለጥሩ ሹፌር፣ ለስካውት (ፓርክ ውስጥ አብሯችሁ ለሚሄደው ጠባቂ) እና ለጀልባ አስቡ። ጉዞውን የሚያሳምሩትም የሚያበላሹትም እነሱ ናቸው።

ከመኪናው እንጀምር፤ ብዙው ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚያ ነውና። ያለ ሹፌር የሚያከራይ ጥቂት ነው፤ ቢገኝም ከሹፌር ጋር መከራየት ይሻላል። በስልክ የሚነገረው የቀን ዋጋ ብዙ ጊዜ ሙሉ ዋጋ አይደለም። ነዳጁ የማን ነው? የሹፌሩ አበልና ማደሪያ ተካቷል? 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ገብቷል? በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ነው የተፈቀደው? ይህ የመጨረሻው በተለይ ይጎዳል፤ አርባ ምንጭ ደርሶ መልስ በየሐይቁ ከሚደረገው መግባት መውጣት ጋር ከ1,000 ኪሎ ሜትር ስለሚያልፍ፣ የቀን ገደቡ ዝቅ ያለ ከሆነ ትርፉ በየኪሎ ሜትሩ ይታሰብባችኋል። ሁሉም በጽሑፍ ይስፈር፤ የመኪናው ዓይነትና የሰሌዳ ቁጥሩም ጭምር። ፕራዶ ተባብለው በጠዋት ሌላ መኪና የሚያመጡ አከራዮች አሉ፣ ያን ሰዓት ደግሞ ሻንጣ ይዞ ደጅ የቆመ ሰው እምቢ ለማለት አቅም የለውም።

ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ቀን መኪናውን በዓይናችሁ እዩት። ሊብሬውና ቦሎው የዘመኑ መሆናቸውን፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ መለጠፉን አረጋግጡ፤ ኬላ ላይ የሚያስቆሙት እነዚህ ናቸው። ስኮርታው ነፋስ እንዳለው በእጅ ተጭናችሁ ሞክሩ፣ ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖራቸውን ጠይቁ። የኋላ ቀበቶዎቹን ስባችሁ እዩ፤ በወንበር ልብስ ሥር ተቀብረው የሚገኙ ብዙ ናቸው፣ ልጆች ለያዘ ሰው ደግሞ ይህ የሚታለፍ ነገር አይደለም። እስከ ሐዋሳ ባለው አስፋልት ማንኛውም ደህና መኪና ይበቃል። ወደ ሻላ ፍል ውሃ ለመውረድ ከመሬት ከፍ ያለ መኪና፣ ለነጭ ሳር ፓርክ ደግሞ በአራቱም ጎማ የሚጎትት የግድ ነው።

ከአዲስ አበባ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ። የአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ እስከ ሞጆ ያለው ቀላል ሆኗል፤ ከሞጆ እስከ ባቱም (ዝዋይ ከተማ) ፈጣን መንገድ አለ። ከዚያ ወዲያ ግን ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ከብቱና የጭነት መኪናው አንድ መንገድ ላይ ናቸው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አትነዱ። ጥሩ ሹፌር ራሱ እምቢ ይላል፣ እሺ የሚል ካጋጠማችሁ ተጠራጠሩ። የመንገዱን ጸጥታ ከአንድ ቀን በፊት ከሹፌሩም ከምታርፉበት ሆቴልም አጣሩ። ነዳጅ ግማሽ ሲደርስ መሙላት ይሻላል፤ በየከተማው ሰልፍ የሚኖርበት ጊዜ አለ።

ባቱ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ደምበል ሐይቅ ዳር ድረሱ። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ ሲያርዱ አባ ኮዳና ፔሊካን እግራቸው ሥር ይሰበሰባሉ፤ ያለ መነጽር፣ ያለ አስጎብኚም ይታያል። ጀልባ ከፈለጋችሁ ወደ ቅርቦቹ የወፍ ደሴቶች ሂዱ። ገዳሙ ያለበት ቱሉ ጉዶ ሩቅ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፤ ከሰዓት በኋላ በሚነሳው ነፋስ ሐይቁ ሲናወጥ መልሱ ያስጨንቃል። በባዶ እግር ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ ልጆችንም አታስገቡ፤ ደምበልም ሐዋሳም ቢልሃርዝያ አለባቸው።

አቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክን ብዙ ሰው በር ላይ ሰጎንና ሚዳቋ አይቶ በግማሽ ሰዓት ይወጣል። ያሳዝናል። 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚሆነው ፓርክ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያው ዳር ነው። ስካውት ይዛችሁ መጀመሪያ ሁለቱ ሐይቆች በአንድ ጊዜ ወደሚታዩበት ኮረብታ ውጡ። ከዚያ ወደ ሻላ ውረዱ። ሻላ እስከ 266 ሜትር ይጠልቃል፣ ከአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች እሱን የሚያህል ጥልቅ የለም። ዳርቻው ላይ የሚፈልቀው ፍል ውሃ ሥጋ የሚልጥ ስለሆነ ልጅ በእጅ ተይዞ ይሂድ፤ አፋፉ ላይ ያለው ነጭ ቅርፊትም ጠንካራ ይመስላል እንጂ ይሰበራል።

አቢጃታ ላይ የሚደርሰው ችግር አንድ ዓይነት ነው፦ መኪና ይሰምጣል። ሐይቁ ከሸሸበት የቀረው መሬት ከላይ ደርቆ የተሰነጠቀ፣ ከሥር ግን ጭቃ ነው። ጎማው አንዴ ከገባ ጋዝ በሰጣችሁ ቁጥር ይብሳል፤ የሚጎትት ፍለጋ ቀኑ ያልቃል። ስካውቱ ቁም ያለበት ላይ አቁማችሁ በእግር ሂዱ። ሐይቁ ለምን እንደሸሸ ማወቅም ለዕቅድ ይጠቅማል። ፔሊካኖቹ ሻላ ደሴቶች ላይ እየፈለፈሉ ዓሣ ፍለጋ ወደ አቢጃታ ይበሩ ነበር። የቡልቡላ ወንዝ ውሃ ለመስኖ፣ የሐይቁም ውሃ ለሶዳ አሽ ማምረቻ ሲወሰድ አቢጃታ ጎደለ፣ ጨው በዛበት፣ ዓሣውም አለቀ። ስለዚህ ፔሊካንን ባቱና ሐዋሳ ፈልጉ፤ አቢጃታ የፍላሚንጎ ነው፣ ፍላሚንጎ የሚመገበው በጨዋማ ውሃ የሚበቅለውን ዋቅላሚ ነውና። እሱም ቦታ ይቀያይራል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ስካውቱን «ፍላሚንጎው ሰሞኑን የት ነው?» በሉት። አንዳንዴ መልሱ ከሻላ በስተደቡብ ያለችው ትንሿ ጪቱ ሐይቅ ይሆናል፤ መንገዷ አስቸጋሪ ስለሆነ ግማሽ ቀን ያዙላት።

የፓርክ መግቢያ ለውጭ ዜጋና ለአገር ሰው የተለያየ ነው። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ) ያላችሁ ዋናውን ያዙ፣ በስልክ ላይ ባለ ፎቶ መከራከር ሰዓት ያቃጥላል። ደረሰኝ ተቀበሉ። የስካውቱ ክፍያ ለብቻ ነው፤ ደህና አድርጎ ላሳያችሁ ጉርሻ ጨምሩለት፣ ይገባዋል።

ማደሪያ ላንጋኖ ይሁን። ውሃው ቡናማ ነው፣ ቆሻሻ ስለሆነ ግን አይደለም፤ ደቃቅ አፈር ስላለው ነው። ሰው የሚዋኝበትም ሐይቅ እሱ ነው። ቅዳሜና እሁድ ዋጋውም ጩኸቱም ይጨምራል፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ሂዱ። ጄኔሬተሩ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ከሻሸመኔ በስተምዕራብ ሰንቀሌ የሚባል የቆርኬ መጠለያ አለ። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘውን የስዋይን ቆርኬ ለማየት ጠዋት ወይም አመሻሽ ግቡ፤ ሁለት ሰዓት ይበቃል።

ሐዋሳ አሞራ ገደል ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ሌላ ቦታ ነው፦ መረቡ ይፈታል፣ ዓሣው ይበለታል፣ አባ ኮዳው ቁራሽ ይቀማል፣ ዛፉ ላይ ጉሬዛ አለ። ጦጣ አትመግቡ፣ ከልጅ እጅ ይነጥቃል። ጥሬ ዓሣ ይቀርብላችኋል፤ ሆዳችሁ ከውጭ ገና የገባ ከሆነ ጥብሱን እዘዙ። ለጀልባ የምትስማሙት ዋጋ የሙሉ ጀልባው ነው ወይስ የነፍስ ወከፍ? ሳትሳፈሩ ይለይ፤ ስትመለሱ የሚነሳ ጠብ ሁሉ ከዚያ ነው። ላይፍ ጃኬት ከሌለው ሌላ ጀልባ ያዙ። ጉማሬው ዘንድ አስጠግተህ አሳየን አትበሉ፣ ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል።

አርባ ምንጭ ቆላ ስለሆነ የወባ መከላከያውን ከምትኖሩበት አገር ጀምራችሁ ኑ፤ ክኒኑ ከመድረሳችሁ በፊት መጀመር አለበት። ጫሞ ላይ «አዞ ገበያ» የሚባለውን፣ አዞዎች የሚሰበሰቡበትን ዳርቻ ለማየት ጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት ማዕበል አለ። የጀልባው፣ የፓርኩና የአስጎብኚው ክፍያ ሦስት የተለያየ ነገር ነው፤ አንዱን ከፍሎ የጨረሰ የመሰለው ብዙ ነው። የሜዳ አህያ የሚገኝበት የነጭ ሳር ሜዳ በእግዜር ድልድይ፣ ማለትም አባያንና ጫሞን በሚለየው መሬት በኩል ይደረሳል፤ መንገዱ ድንጋያማና ዳገታማ ነው፣ ዝናብ ከጣለ ተዉት።

የብር ጥሬ ገንዘብ ያዙ፤ የውጭ ካርድ የሚሠራው ትልልቅ ሆቴሎች ላይ ነው። ምንዛሪው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ባንክ መመንዘር ያዋጣል፤ ደረሰኙን አትጣሉ።

ለመመለስ ከአርባ ምንጭ በአውሮፕላን መምጣት ይቻላል፤ ያኔ መኪናው ባዶውን የሚመለስበት ቀንና ነዳጅ የማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። በመኪና ከሆነ በሶዶ፣ በሆሳዕናና በቡታጅራ በኩል ያለው መንገድ ያጥራል። ሐይቅ የለበትም፤ ሁለት ቀን ካላችሁ ሆሳዕና እደሩ።