የኤም ዋን ጠመንጃዬን እንግዳ ድምፅ መንስኤ ፈልገው ላገኙልኝ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በሰሜን ቨርጂኒያና በአካባቢው የምትኖሩ፣ በሕጋዊ መንገድ የጦር መሣሪያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ከሦስት ወር በላይ ሲያስጨንቀኝ የነበረውን የጠመንጃዬን ያልተለመደ ድምፅ መንስኤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያገኙልኝን አረጋዊ አሜሪካዊ የመሣሪያ ጥገና ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግንና ለእናንተም ልጠቁም እወዳለሁ።

ጠመንጃው ኤም ዋን ጋራንድ ነው። አባቴ በ1943 ዓ.ም. ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ሲዘምቱ የያዙት ይህንኑ ዓይነት መሣሪያ ስለነበረ፣ የአሜሪካ ጦር ከተጠቀመባቸው መካከል በሲቪሊያን ማርክስማንሺፕ ፕሮግራም በኩል ለዜጎች ከሚሸጡት አንዱን የገዛሁት ለእሳቸው መታሰቢያ ብዬ ነው። ባለፈው የጸደይ ወራት የተሰነጠቀውን አሮጌ እንጨት አውጥቼ በአዲስ የዋልነት እንጨት አስቀየርኩ። በጋው ሲገባ እጀታውን ወደ ኋላ ስስበው መሐል ላይ «ሲጥጥ» የሚል ድምፅ ያሰማኝ ጀመር፤ ስተኩስም መዝጊያው እየተፋጨ ይመለሳል፣ አልፎ አልፎም ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም ይቀራል። ይህን ባየሁበት ቀን መተኮሴን አቆምኩ። መጀመሪያ የወሰድኩበት ሱቅ ጠመንጃውን ሳይፈታ መዝጊያውን የሚያንቀሳቅሰው ረጅም ዘንግ ተጣሟል፣ ሞላውም ደክሟል ብሎ 400 ዶላር ጠየቀኝ።

እኚህ ባለሙያ ግን ከሁሉ በፊት መዝጊያውን ከፍተው የጥይቱን ማደሪያ በዓይናቸው አዩ፣ በጣታቸውም ዳስሰው ባዶ መሆኑን አረጋገጡ። ቀጥለው ድምፁ መቼ እንደጀመረ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደቀየርኩ፣ ሲሳብ ነው ወይስ ሲመለስ የሚሰማው እያሉ እንደ ሐኪም ጠየቁኝ፤ ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው እጀታውን በጣም በዝግታ ደጋግመው ሳቡት። ስምንተኛው ጥይት ሲተኮስ ስምንቱን ጥይት አቅፎ የሚይዘው ብረት (ክሊፕ) ባዶውን ተወርውሮ ሲወጣ የሚያሰማው «ፒንግ» ከዚህ ጠመንጃ የሚጠበቅ መሆኑን፣ ሞላው በዘንጉ ውስጥ ሲንሸራተት የሚሰማው ለስላሳ ድምፅም እንደማያሰጋ፣ የእኔው ግን ከሁለቱም የተለየ መሆኑን አስረዱኝ።

በዚህ ጠመንጃ ከአፈሙዙ አጠገብ የሚወጣው የባሩድ ጋዝ ረጅሙን ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ዘንጉ መዝጊያውን አዙሮ ይከፍተዋል፣ ሞላው ደግሞ መልሶ ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ዘንጉ በመንገዱ ላይ ጥቂት እንኳ ከተያዘ ሥራው ሁሉ ይታወካል። ሞላውን አውጥተው ሲለኩት 19 ኢንች ተኩል ሆነ። ከ19 ኢንች ሲያጥር ነው የምቀይረው፣ ይህ ደህና ነው አሉኝ። ቀጥለው ዘንጉን ያለ ሞላውና ያለ እንጨቱ ገጥመው ጠመንጃውን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያዘነብሉት፣ ዘንጉ በገዛ ክብደቱ ያለ ምንም ድምፅ ወረደና ተመለሰ። እንጨቱን አልብሰው ያንኑ ሲደግሙት ግን መሐል ላይ ቆመ፤ በእጅ ሲገፋም ያችው «ሲጥጥ» ተሰማች።

ቀጥሎ ያደረጉትን መቼም አልረሳውም። ከመሳቢያቸው ቀይ የከንፈር ቀለም አውጥተው የዘንጉን ጎን በስሱ ቀቡት፣ ገጥመውም ጥቂት ጊዜ ካንቀሳቀሱት በኋላ እንጨቱን ፈትተው አሳዩኝ። በስተቀኝ በኩል፣ በውስጠኛው ጠርዝ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀይ ምልክት አርፋለች። አዲሱ እንጨት በቨርጂኒያ የበጋ እርጥበት አብጦ ዘንጉን ይነካው ኖሯል። ያችን ቦታ ብቻ በጣም በስሱ ፋቁ፣ ቀብተው ሞከሩ፣ እንደገና ፋቁ፤ ሦስት ጊዜ ከደጋገሙት በኋላ ዘንጉ ነጻ ሲሆን የተፋቀውን እንጨት እርጥበት እንዳይገባበት የተልባ ዘይት አጠጡት።

እኔ ለዓመታት ቀጭን ዘይት ስቀባው እንደኖርኩም በዚያው አወቁብኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዝናብ ዘይቱን እያጠበ መዝጊያው ስለሚያስቸግር ለወታደሮቹ ግሪስ በትንሽ ዕቃ ይታደላቸው እንደነበረ፣ ዕቃዋም በሰደፉ ውስጥ እንደምትቀመጥ ነግረውኝ፣ ግሪሱ የሚቀባበትን የዘንጉን መሄጃና በመዝጊያው ቀኝ ጎን ወጣ ያለችውን ጆሮ መሰል ብረት በእጄ እያስነኩ አስተማሩኝ። አንድም ዕቃ ሳይቀይሩ ያስከፈሉኝ 80 ዶላር ነው። በሳምንቱ ወደ ተኩስ መለማመጃ ሄጄ ስድስት ክሊፕ፣ 48 ጥይት ተኮስኩ፤ ከ«ፒንግ» በቀር የተሰማኝ እንግዳ ድምፅ የለም። ሥራ ፍለጋ ብለው የማያስፈልግ ዕቃ የማያስገዙ ሰው ስለሆኑ በሙሉ ልብ አመሰግናቸዋለሁ።

አድራሻቸውን በይፋ እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ። የሚቀበሉት በቀጠሮ ብቻ ነው፤ የአጋዘን አደን ወቅት ሲደርስም ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ጠመንጃውን ባዶ አድርጋችሁ በመያዣው ውሰዱት፤ የቀየራችሁት አሮጌ ዕቃ ካለም አብራችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።