እንጨት ወይስ ማግኔት?

ድሬዳዋ ከዚራ ባለችው ጠባብ ክፍሌ የካቻቢቴ ተቀያያሪ ጫፎች እየጠፉ ሲያማርሩኝ ሁለት ማስቀመጫ ሠራሁ።

አንዱ የተበሳ እንጨት ነው። የጫፉ ግርጌ ባለ ስድስት ጎን ነው። ከጎን እስከ ጎን 6.35 ሚሊሜትር፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ግን 7.3 ገደማ። እኔ ሞኙ በ6.5 ፑንታ በሳሁትና አልገባም አለኝ። በ7.5 ስደግመው ልክ መጣ። አፉ ወደ ላይ ስለሚቆም ባለ ኮከቡን ጫፍ ከባለ መስቀሉ ለመለየት አልደናበርም። ጉዱ ቦርሳ ውስጥ ሲገለበጥ ነው፤ ሁሉም ይዘረገፋል።

ማግኔቱ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ነው። ባጃጅ ቢያንገጫግጨውም አንድም አይወድቅ። ግን የብረት ብናኝ ይሰበስባል። ጫፎቹም ራሳቸው ትንሽ ማግኔት ይሆናሉ፤ ለደቃቅ ብሎን ይሄ እሰየው ነው።

እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ለጥገና ስጠራ ማግኔቱን አነሳለሁ። እንጨቱ ከጠረጴዛዬ አይነቃነቅም።