«የጣና ኦፓል» የሚባል ነገር የለም፦ ቀለበት ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ባሕር ዳር ላላችሁም፣ ለሽርሽር ለምትመጡም ነው የምጽፈው። ሐይቁ ዳር ስትንሸራሸሩ፣ በተለይ ጀልባ መሳፈሪያው አካባቢ፣ ጥቁር ፈርጥ ያለው የብር ቀለበት አውጥቶ «ይሄ የጣና ኦፓል ነው» (ኦፓል ውስጡ ባለብዙ ቀለም እሳት የሚንቀለቀልበት የከበረ ድንጋይ ነው) የሚል ሰው ከገጠማችሁ አመስግናችሁ እለፉ። እኔ አላለፍኩም። 14,500 ብር ተበላሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቅምት ላይ ታናሽ እህቴ 25 ዓመት ሊሞላት ነበር። የማይረሳ ነገር ልግዛላት ብዬ ወጣሁ። አንድ ወጣት ደላላ ከጀልባዎቹ አጠገብ አገኘኝና ሁለት ደቂቃ እንኳ ወደማያስኬድ ሱቅ ወሰደኝ። የሱቁን ስም አልጠራም። ባለሱቁ ጨዋ፣ አንደበቱ ማር ነው። ቡና አስፈላልኝ። ስለ ዋጋ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣

«እህትሽ መቼ ነው የተወለደችው?» አለኝ።

«ጥቅምት 27።»

«በቃ፣ አለቀ! የጥቅምት ልጅ ድንጋይ ኦፓል ነው። የታማኝነት፣ የተስፋ ድንጋይ። ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ድንጋዩ ከደቅ ደሴት የሚወጣ ነው፣ አባቶች ጸልየውበታል አለኝ። ጥቁር ፈርጥ ውስጥ አረንጓዴና ቀይ እሳት ሲንቀለቀል አየሁ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ፣ አልዋሽም። 22,000 ብሎ ጀመረ። «ለአንቺ ብዬ» እያለ 14,500 ላይ ቆመ። ባለቀለም ወረቀት ላይ የታተመ «ሰርተፊኬት» ጨመረልኝ። ደረሰኝ ስጠይቀው «ማሽኑ ተበላሽቷል» አለ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እዚህ ላይ ሳቁብኝ፣ ይገባኛል።

እህቴ ሁለት ወር ተኩል ከጣቷ አላወለቀችውም። የጥምቀት ማግስት እናታችን ቤት ቁጭ ብለን «እዪው እስቲ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለችኝ። የፈርጡ ጠርዝ ላይ ግራጫ ጉም ገብቷል። ዓይን ላይ እንደሚወጣ ሞራ። እሳቱ መሃል ላይ ብቻ ትንሽ ቀርቷል። እናቴ ቀለበቱን ተቀብላ አገላበጠችውና «ጠበሉ ነው ያጋለጠው፤ ጠበል ውሸት አይችልም» አለች። እኔ ግን ኦሞው ነው እላለሁ። ልጅቷ ሁለት ወር ተኩል ሙሉ ዕቃ ስታጥብበት፣ ልብስ ስታሽበት ነው የከረመችው።

በማግስቱ ገበያው አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አንጥረኛ ወሰድኩት። ሽማግሌ ናቸው፣ ከአርባ ዓመት በላይ ብር ሲቀጠቅጡ የኖሩ። ቀለበቱን ገለበጡና ጀርባውን አዩ። «ልጄ፣ ይሄ ለምን ተደፈነ?» አሉኝ። እውነትም የፈርጡ ጀርባ በብር ተሸፍኗል። ስገዛው ጥንካሬ መስሎኝ ነበር። ፈርጡን የያዘውን የብር ከንፈር በቀጭን መሮ ዙሪያውን ፈለቀቁት። ፈርጡ መዳፋቸው ላይ ወደቀ። በጥፍራቸው ጠርዙን ሲጫኑት ለሁለት ተላቀቀ። ከላይ ያለው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የኦፓል ቅጠል ነው። ከታች ያለው ተራ ጥቁር ነገር። ብርጭቆ ይሁን ሌላ እንጃ። በመሃላቸው የደረቀ ማስቲሽ።

«ኦፓሉማ እውነት ነው» አሉ ጋሼ እየሳቁ፤ «የሸጡልሽ ግን ሽታውን ነው።»

እንዲህ ሁለት ድርብ አድርጎ ማጣበቅ በራሱ ወንጀል አይደለም። በዓለም ገበያ «ድርብ ነው» ተብሎ በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጥ አለ። ችግሩ ሳይነግሩ እንደ ሙሉ ድንጋይ መሸጥ ነው። ውሃ ማጣበቂያው ውስጥ ቀስ እያለ ይገባል፤ ያ ጉም የመጣው ከዚያ ነው። ጀርባውን የደፈኑትም መስመሩ እንዳይታይ ነው። ክፍት ቢሆን ኖሮ በጎን ወደ ብርሃን ይዤ ሳየው በማስመሪያ የተሰመረ የመሰለ ቀጥ ያለ መስመር አይ ነበር።

አሁን ወደ ወሬው ልምጣ። ድንጋዩን ያልሸጠልኝ ሰው የሸጠልኝ ወሬ ነውና።

የጣና ኦፓል የለም። የኛ ዝነኛ ኦፓል የሚወጣው ደቡብ ወሎ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ነው። ከባሕር ዳር በደብረ ታቦር፣ በጋሸና ዞሮ የሚደረስበት ደጋ ነው። የዓለም ገበያን ያጥለቀለቀው በፈረንጆቹ 2008 ከተገኘ በኋላ ነው። ቆፋሪዎቹ ገደል ላይ ተንጠልጥለው፣ በእጅ ዋሻ እየቦረቦሩ ነው የሚያወጡት። ባለሱቁ «ጤና»ን «ጣና» አድርጎ ደሴት ውስጥ አስገባው። አንዲት ፊደል ገልብጦ 14,500 ብር። ሙያ ነው እንግዲህ።

«የጥቅምት ድንጋይ» የሚለውም ሌላ ጉድ አለበት። ለየልደት ወሩ ድንጋይ የሚመድበው ዝርዝር የፈረንጅ ነው፣ ወሮቹም የፈረንጅ ናቸው። ኦፓል የኦክቶበር ነው። የኛ ጥቅምት የሚጀምረው ኦክቶበር 11 ወይም 12 ላይ ነው። ከጥቅምት 21 ወይም 22 ጀምሮ የተወለደ ሰው ኖቬምበር ገብቷል ማለት ነው። የኖቬምበሩ ደግሞ ቶጳዝዮን ወይም ሲትሪን ነው። እህቴ በራሳቸው ሕግ እንኳ የኦፓል ልጅ አይደለችም! መጀመሪያ ይህን ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ ቡናዬን ጠጥቼ እወጣ ነበር።

«ከጥንት ጀምሮ» ለሚሉትም መልስ አለ። ዛሬ የሚዞረውን ዝርዝር የአሜሪካ ጌጣጌጥ ነጋዴዎች ማኅበር ነው በፈረንጆቹ 1912 ተሰብስቦ ያወጣው። ነጋዴ ያወጣው ስለሆነ ነጋዴ ይጨምርበታል። ታንዛናይትን ውሰዱ። ታንዛኒያ ውስጥ የተገኘው በፈረንጆቹ 1967 ነው፤ በ2002 የዲሴምበር ድንጋይ ተብሎ ተጨመረ። የእናቴን ዕድሜ የማያህል ድንጋይ «ጥንታዊ ትርጉም» አወጣ። ኦፓልም ቢሆን ስሙ ሲገለባበጥ የኖረ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ለዓይን መድኃኒት ነው ይባል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገደቢስ ነው ተብሎ ሰው ሸሸው። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው።

ትርጉም አትውደዱ እያልኩ አይደለም። እኔ ራሴ እወዳለሁ። በዘፀአት የአሮን የደረት ኪስ ላይ የተደረደሩት አሥራ ሁለት ድንጋዮች ሲነበቡ፣ መረግድ፣ ሰንፔር፣ ኢያስጲድ ሲባል፣ ልቤ ይሞቃል። አሜቴስጢኖስ በግሪክ «የማያሰክር» ማለት መሆኑን ስሰማ ደግሞ ስንት ዘመዴ እንደሚያስፈልገው አሰብኩ። ግን ትርጉሙ በነጻ የሚገኝ ነው። ብር የሚከፈለው ለድንጋዩ ነው። የኔን ሰርተፊኬት ቤት ገብቼ ሳነበው «ፍቅር፣ ተስፋ፣ ታማኝነት» ይላል። ስንት ካራት ነው? አልተጻፈም። ሙሉ ነው ድርብ? አልተጻፈም። አምስት ካራት አንድ ግራም ነው። ይህን እንኳ መዝኖ ያልጻፈ ወረቀት ፖስት ካርድ ነው።

ስለዚህ ኦፓል መግዛት ካማራችሁ ጀርባው ክፍት የሆነ ፈርጥ ጠይቁ። እምቢ ካለ ውጡ። ጥቁር ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠርጥሩ። የደላንታው በብዛት ነጭ፣ ማር የመሰለ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ጥቁር ሆኖ የወጣም አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ገበያ ላይ የምታዩት አብዛኛው ጥቁር በጭስ ወይም በቀለም የጠቆረ ነው። ይህም ተነግሮ ቢሸጥ ችግር የለውም።

አንድ ነገር ግን እንዳያሳስታችሁ። የደላንታ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ሙሉና እውነተኛ ሆኖ ሳለ ውሃ ሲነካው እንደ መስታወት ጠርቶ እሳቱ ሊጠፋ ይችላል። «ተሸወድኩ!» ብላችሁ አትጣሉት። ጥላ ውስጥ ተዉት፣ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ ሲደርቅ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። የኔ ፈርጥ ጉም ግን ሲደርቅም አልለቀቀም። ልዩነቱ እሱ ነው። ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ዘይትም ሽቶም ይጠጣል፤ ቅቤ በተቀባ እጅ አትነካኩት። ምጣድ ፊትም አትቁሙበት፤ ሙቀት ያሰነጥቀዋል።

እውነቱን ለመናገር ኦፓል ለየቀን ቀለበት የሚሆን ድንጋይ አይደለም። ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የድንጋይ ጥንካሬ መለኪያ (ሞስ) ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። አቧራችን ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን 7 ነው። አቧራ ይጭረዋል ማለት ነው። ለጆሮ ጌጥ፣ ለሐብል ግን ግሩም ነው። ዕቃ የሚያጥብ እጅ ላይ የሚውል ቀለበት ከፈለጋችሁ 9 የሆነውን ሰንፔር አስቡ። መረግድ ከኦፓል ይጠነክራል፤ ግን ውስጡ ስንጥቅ ስለማያጣው ብዙውን ጊዜ በዘይት ይሞላል። ሲገዛ ይጠየቅ።

ቀለበቱን ይዤ ወደ ሱቁ ተመልሼ ነበር። ባለሱቁ አላወቀኝም። «ደረሰኝ አለሽ?» አለ፣ ያው በዚያው ማር አንደበት። በዚህች ጥያቄ ላይ ነው ያለቀው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ እኔ ግን በእጄ አንዲት ወረቀት የለም፣ ከፖስት ካርዱ በቀር። «ማሽኑ ተበላሽቷል» ሲሏችሁ «ሲጠገን እመጣለሁ» በሉ።

እናንተም ከሐይቁ ዳር እንዲህ ያለ ቀለበት ገዝታችሁ ከሆነ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት። ከተደፈነ ወደ አንጥረኛ ውሰዱት። የኔን ቀለበት ጋሼ በአምስት ደቂቃ ነው የጨረሱት፣ ገንዘብም አልተቀበሉኝም። ብሩ እንኳ ደህና ብር ነው ብለው፣ የፈርጡን ቤት ደፍጥጠው አለስልሰው መለሱልኝ። እህቴ አሁን ባዶውን ታደርገዋለች። «ፈርጡስ?» ሲሏት «ደቅ ደሴት ተመለሰ» ትላለች።